ወረቀቱን ይዛው ሄደች

አርፒጂያችን፣ ማለትም ገጸ ባህሪ ይዘን በወሬና በዳይስ ታሪክ የምንፈጥርበት የሚና ጨዋታ፣ አልቆ ሁሉም ጃኬቱንና ቁልፉን ሲፈልግ፣ ከቡድናችን ዝምተኛዋ ልጅ ጠረጴዛው ላይ የቀረችውን የጨዋታ ሕግ ወረቀት አነሳች። አንድ ገጽ ናት። «ይቺን ልውሰዳት?» አለችኝ። «ውሰጃት» አልኳት። አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት። በሳምንቱ የቡድናችን ግሩፕ ላይ መልእክት ገባ፦ «ቅዳሜ እኔ ነኝ የማጫውታችሁ። ዳይስ ብቻ ይዛችሁ ኑ።»

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። እኔ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። ይቺ ልጅ ከእኛ ጋር ዓመታት ተጫውታለች። ድራገን ገድላለች፣ ግንብ ሰብራ ገብታለች፣ ንጉሥ አታልላለች። በዚያ ሁሉ ጊዜ «አጫዋች ልሁን»፣ ማለትም ታሪኩን እኔ ልምራ፣ የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ተራዋ ሲደርስ የምትለው አንድ ነገር ነበር፦ «አሁን የትኛውን ዳይስ ነው የምጥለው?» እነግራታለሁ። ትጥላለች። ቁጥሩን ትናገራለች። ከዚያ መልሳ ዝም።

በነጻ ስለሚገኙ አርፒጂዎች ሲወራ ወሬው ሁሉ ስለ ኪስ ነው። «ምንም ሳታወጣ መጫወት ትችላለህ» ይባላል። ልክ ነው፣ ትችላለህ። ግን የዚህች ልጅ ችግር ዋጋ ቢሆን ኖሮ ድሮ በተፈታ ነበር። ትልቁን መጽሐፌን ስንት ጊዜ አውሼአታለሁ። ሳትገልጠው ነው የምትመልሰው። ያቺ አንድ ገጽ ታዲያ ምን አላት?

«ካፒቴኑ ራሱ መንቃት ይፈልጋል?»

ያን ቀን የተጫወትነው ጆን ሃርፐር በ2013 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ያወጣውን «ሌዘርስ ኤንድ ፊሊንግስ» ነው። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ቁጥር ብቻ ይመርጣል፣ ከ2 እስከ 5። ቁጥሩ ከፍ ካለ በሌዘር ጎበዝ ነህ፤ በማሽን፣ በስሌት፣ በረጋ እጅ በሚሠራ ሥራ። ዝቅ ካለ በስሜት ጎበዝ ነህ፤ በደመ ነፍስ፣ ሰው በማግባባት፣ በድፍረት። ሌዘር ስትጠቀም ከቁጥርህ በታች መጣል አለብህ። ስሜት ስትጠቀም ከቁጥርህ በላይ። አንዱን ካጠበቅክ ሌላው ይላላል። የሕጉ ልብ ይኸው ነው።

ታሪኩ የጠፈር መርከብ ላይ ነው። የመርከቧ ካፒቴን አእምሮው በአንድ ምንነቱ በማይታወቅ ኃይል ተይዞ የሕክምና ካፕሱል ውስጥ ተኝቷል። ሠራተኞቹ እንግዲህ እንደ ምንም ብለው ራሳቸውን ያድኑ። እኔ የዚያን ቀን ጠላት ከገጹ ሠንጠረዥ ላይ በዳይስ አውጥቼ፣ የጠፈር ወንበዴዎች አሰልፌ፣ ሩጫና ተኩስ እየጠበቅኩ ነበር። ካፒቴኑን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ለእኔ ዕቃ ነው። ታሪኩ እንዲጀመር ብቻ የተኛ ሰው።

ዝምተኛዋ ልጅ ሐኪሟን ነበር የምትጫወተው። ቁጥሯ 4። ወንበዴዎቹ በሩን እየቆረጡ ሳለ «ካፒቴኑን ልቀሰቅሰው ነው» አለች። ማሽን ስለምትነካ ሌዘር ነው። ሐኪም ስለሆነች አንድ ዳይስ ይጨመርላታል። ሁለት ዳይስ ጣለች። 6 እና 4።

6ቱ ከንቱ ነው። 4ቱ ግን ትክክል የራሷ ቁጥር ነው። ሕጉ እንዲህ ያለውን ውጤት እንደ ስኬት ይቆጥርና ሌላ ነገር ይጨምርበታል፦ ተጫዋቹ አጫዋቹን አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ አጫዋቹም እውነቱን ይመልሳል።

ወረቀቷን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። ጣቷን መስመሩ ላይ አስቀመጠች።

«ጥያቄ መጠየቅ እችላለሁ አይደል?»

«ትችያለሽ።»

«የፈለግኩትን?»

«የፈለግሽውን።»

ትንሽ አሰበች። ከዚያ «ካፒቴኑ ራሱ መንቃት ይፈልጋል?» አለች።

እኔ ጋ መልስ አልነበረም። ማስታወሻዬ ላይ ስለ ካፒቴኑ አንድም ቃል የለም። ሕጉ ደግሞ «እስቲ አስቤበት ልንገርሽ» የሚል ቀዳዳ አይሰጥም። እውነቱን መልስ ነው የሚለው። እውነቱ ግን ገና አልተፈጠረም። ዓይኗን አየሁት። ከአፌ የወጣው «አይፈልግም» የሚል ነበር።

ፓይለቷን የሚጫወተው ጓደኛችን «ምን ማለት ነው አይፈልግም?» ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። እሷ አልሰማችውም። ጣቷን አንድ መስመር ወደ ታች አወረደች። «እዚህ ላይ መልሱን ከሰማሁ በኋላ ሐሳቤን መቀየር እችላለሁ ይላል። እቀይራለሁ። አልቀሰቅሰውም። አጠገቡ ተኝቼ ያለበት ቦታ ልግባ።»

ከዚያ በኋላ ወንበዴዎቹን ማንም አላስታወሳቸውም። ምሽቱን በሙሉ ካፒቴኑ አእምሮ ውስጥ ነበርን። ለምን መንቃት እንደማይፈልግ ቀስ በቀስ ያወቅነው እዚያው ነው፤ እኔም ከነሱ ጋር እኩል ነው ያወቅኩት።

መጽሐፉ በየትኛው ወገን ተቀምጧል?

በኋላ ሳሰላስለው መጀመሪያ የመጣልኝ መልስ «ሕጉ አጭር ስለሆነ ነው» የሚል ነበር። ግማሽ እውነት አለው። ግን ከዚያ በፊትም አጫጭር ጨዋታዎች አጫውቼ አውቃለሁ። ሕጉን በቃሌ አስረዳቸዋለሁ፣ እንጫወታለን። እሷም እንደ ልማዷ «የትኛውን ዳይስ?» ትለኛለች።

ልዩነቱ ወረቀቱ ነው። ያን ቀን ለየሰዉ አንዳንድ ቅጂ ፕሪንት አድርጌ ነበር። የፍልስፍና ጉዳይ አልነበረም፤ ማስረዳት ሰልችቶኝ ነው። ጨዋታው ነጻ ነው፣ ገጹ አንድ ነው፣ የሚጠየቅ ሰው የለም፤ አተምኩ፣ አደልኩ። በገዛሁት ባለ ሦስት መቶ ገጽ መጽሐፍ እንዲህ ማድረግ አይታሰብም። ኮፒ ማድረጉ ክልክል ነው። ባይከለከልስ ማን ሊያነበው?

እናም ለዓመታት ያልታየኝ ነገር ታየኝ። መጽሐፉ ሁልጊዜ በእኔ ወገን ነበር የሚቀመጠው። ከእኔ ፊት፣ አጫዋች ማስታወሻውን ከሚሸሽግበት መከለያ ጀርባ። እሷ አንድ ነገር ለማድረግ ስታስብ መጀመሪያ የምታልፈው በእኔ ነው። ይቻላል? አይቻልም? ምን ልጣል? ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ጨዋታው ሲወለድ ጀምሮ እንዲህ ነው። «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» በ1974 ከወጣ በኋላ ሕጉ አድጎ አድጎ ለተጫዋች ለብቻ፣ ለአጫዋች ለብቻ መጽሐፍ ሆነ። ጋሪ ጋይጋክስ በ1979 በወጣው የአጫዋቾች መጽሐፍ መቅድም ላይ፣ ይህን መጽሐፍ ይዞ የተገኘ ተራ ተጫዋች የክብር ሞት እንኳ አይገባውም የሚል ነገር ጽፏል። ቀልድ ነው። ግን ቀልዱ የት እንደቆመ ያሳያል። ዕውቀቱ የአንድ ሰው ነው፤ ሌላው ይደነቃል።

በነጻ የሚሰጥ ጨዋታ ይህን ሥርዓት ሳያስበው ያፈርሰዋል። ፋይሉ ሁሉም ስልክ ላይ አለ። ማንም ከቤቱ አንብቦ መምጣት ይችላል። «ሌዘርስ ኤንድ ፊሊንግስ» ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ከሕጎቹ አንዱ በቀጥታ ተጫዋቹን ነው የሚያናግረው። ጠይቅ ይለዋል። አጫዋቹን ደግሞ እውነት ተናገር ብሎ ያስገድደዋል። ሁኔታው ብርቅም አይደለም። ሁለት ዳይስ ስትጥል ቢያንስ አንዱ የራስህ ቁጥር ላይ የማረፍ ዕድሉ ከ36 11 ነው። ሲሶ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። በአንድ ምሽት ሁሉም ሰው ተራ ይደርሰዋል።

«ተጫዋቹ ሕጉን ካወቀ ክርክሩ መቼ ያልቃል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። የእኛም ቡድን አንድ ሕግ ጠቃሽ አለው። ገጽ እየጠራ፣ የግርጌ ማስታወሻ እያጣቀሰ የሚከራከር። እወደዋለሁ፤ ግን ያደክመኛል። አንድ ገጽ ሲሰጠው በሁለት ደቂቃ አነበበ፣ ገለበጠ፣ ጀርባው ባዶ ሆነበት። «በቃ?» አለኝ። «በቃ» አልኩት። ያን ምሽት እንዳረፈው ሲያርፍ አይቼው አላውቅም።

አንድ ገጽ ሲሉን የማይነግሩን

እስካሁን የጻፍኩትን ያነበበ ሰው «እንግዲህ አጭሩን ይዤ ልጀምር» ሊል ይችላል። ቆይ። እዚህ ላይ ከብዙ አፍቃሪዎች ጋር አልስማማም። ለማያውቅ ሰው አጭሩ ቀላል ነው ይሉታል። ለእኔ አጭሩ ከባዱ ነው።

አንድ ገጽ ጨዋታ የተጻፈውን ያህል ያልተጻፈ ነገር አለው። ያልተጻፈውን ጭንቅላትህ ይዞ ይመጣል ብሎ ይተማመንብሃል። ትዕይንት መቼ ይቆረጣል? አንዱ ተጫዋች ብቻውን ሲያወራ ሌላውን እንዴት ታስገባለህ? ዳይስ መጣል የማያስፈልገው መቼ ነው? ወረቀቱ አይነግርህም። ግራንት ሃዊት በ2017 የለቀቀውን «ሃኒ ሃይስት» ውሰዱ። ተጫዋቾቹ ማር ሊዘርፉ የተነሱ ድቦች ናቸው። ሁለት ነገር ብቻ ነው ያላቸው፤ አንዱ ድብነት፣ ሌላው ሌብነት። ሳቁ ገና ስታነበው ይጀምራል። ግን ፈጽሞ አጫውቶ ለማያውቅ ሰው ሰጥቼ አይቻለሁ። ድቦቹ በር ላይ ደረሱ። ከዚያ ዝም ዝም ተባለ።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። ገና ለሚጀምር ቡድን የምሰጠው ወፍራሙን ነጻ መጽሐፍ ነው። ከነዚህ ልቤ የሚወደው ክሪስ ጎነርማን በ2006 ያወጣው «ቤዚክ ፋንታሲ» ነው። ጭራቁ፣ ወጥመዱ፣ አስማቱ፣ ሀብቱ፣ ሁሉም በሠንጠረዥ ተቀምጧል። ዓመታት ሲሄዱ ሰዎች እየተባበሩ ብዙ ጀብዱ ጽፈውለታል፤ እሱም በነጻ ነው። የታተመውን የሚፈልግ ደግሞ የማተሚያውን ወጪ ያህል ብቻ ይከፍላል። አጫዋቹ ሐሳብ ሲያልቅበት ገጽ ይገልጣል፣ ዳይስ ይጥላል፣ ከጥግ የሆነ ነገር ብቅ ይላል። ማንም አላፈረም፤ ጨዋታው ቀጠለ። የ«ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ባለቤቶች በ2014 በነጻ የለቀቁት መሠረታዊ ሕግም ለዚህ ይሆናል። አራት ሙያ፣ አራት ዘር፣ እስከ 20ኛው ደረጃ። ብዙ ቡድን ከዚያ ሳይወጣ ለዓመት ሊጫወት ይችላል።

መሐል ላይ የሚቀመጡም አሉ። የዮሃይ ጋል «ኬርን» (2020) አንዱ ነው። በዚህ ጨዋታ ስትመታ «ነካሁት ወይስ ሳትኩት» የሚል ዳይስ የለም። ሰይፍ ካነሳህ ትነካለህ፤ የሚጣለው ምን ያህል እንደጎዳህ ብቻ ነው። ጠላትም እንዲሁ አይስትህም። ይቺ አንዲት ለውጥ የሰዉን ጠባይ ትቀይራለች። ድሮ በሩን ረግጠው ይገቡ የነበሩት ጓደኞቼ አሁን በቁልፍ ቀዳዳ ያያሉ፣ ይደራደራሉ፣ ገመድ ይለምናሉ። ወጪያቸው አልጨመረም፣ ገጹም አልበዛም፤ ፍርሃት ብቻ ነው የተጨመረው።

ቡድን የሌለው ሰውስ? እሱን ወደ «አይረንስዎርን» ነው የምልከው። ሾን ቶምኪን በ2018 ነው የለቀቀው፤ ብቻህን ያለ አጫዋች እንድትጫወተው ተደርጎ የተሠራ ነው። ባለ ስድስት ገጽታ ዳይስህን ከችሎታህ ጋር ደምረህ ከሁለት ባለ አሥር ዳይሶች ጋር ታወዳድራለህ። ሁለቱንም ከበለጥክ ተሳካልህ። አንዱን ብቻ ከበለጥክ ተሳክቶልሃል፣ ግን ትከፍላለህ። አንዱንም ካልበለጥክ ጉድ ፈላ። «ቀጥሎ ምን ሆነ?» ለሚለው ደግሞ የዕድል ሠንጠረዦች አሉት። መጀመሪያ ብቻውን የሚጫወት ሰው ሲባል ሳቅ ብዬ ነበር። አሁን ጠዋት ጠዋት ደብተር ይዤ እጫወታለሁ፤ ለማንም አልነግርም።

አንድ ነገር ልጨምር። «ነጻ» ከሚባሉት ብዙዎቹ ቅምሻ ናቸው። የተዘጋጀ ገጸ ባህሪ፣ አንድ አጭር ጀብዱ፣ ከዚያ ነገሩ ሲጥምህ «ቀሪውን ግዛ»። ክፋት የለውም። እኔም ቀምሼ የገዛኋቸው አሉ። ግን ሽፋኑ ላይ ቅምሻ ነው ብለው ይጻፉልን።

የሰው ወርቅ

ወደ ልጅቷ ልመለስ። የቅዳሜ ጨዋታዋ የራሷ ነበር። መርከቡን አውጥታ የሌሊት ተረኞች ያሉበት ሆስፒታል አስገብታለች። ሌዘርና ስሜት ቀርተው «እልህ» እና «ብልሃት» ሆነዋል። አሳንሰሩ ሕንፃው ላይ በሌለ ፎቅ ይቆማል። ነገሩ እንደዚያ ነው የሚጀምረው። የወደድኩት ለውጥ ግን ሌላ ነው። ቁጥርህን በትክክል ስትጥል አንተ አትጠይቅም። በቀኝህ የተቀመጠው ሰው ገጸ ባህሪህን ይጠይቀዋል። እውነቱን የምትናገረው አንተ ነህ። ከእኔ ወስዳ የሰጠችው ለሁሉም ነው። ሕግ ጠቃሹ ጓደኛችን የሚጫወተው ሽማግሌ ዘበኛ «ለምንድነው ሁልጊዜ የሌሊት ተራ የምትለምነው?» ተብሎ ተጠየቀና ቤቱ ስለሚጠብቀው ባዶ ክፍል ነገረን። ያ ልጅ ስለ ስሜት ሲያወራ የሰማሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

ሲያልቅ «ይሄን ሌሎች እንዲጫወቱት ባወጣውስ? ይከሱኛል እንዴ?» አለችኝ። ጥያቄዋ የዋህ ይመስላል፤ ግን በዚህ ዓለም ከባዱ ጥያቄ እሱ ነው። ጨዋታን በነጻ ማግኘትና በሌላ ሰው ጨዋታ ላይ የራስን መሥራት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አጠቃላይ መልሱ እንዲህ ነው። በአሜሪካ ሕግ የጨዋታ አሠራር፣ ማለትም «ዳይስ ጥለህ ከቁጥርህ ጋር አወዳድር» የሚለው ዘዴ፣ በቅጂ መብት አይጠበቅም። የሚጠበቀው ያ ዘዴ የተጻፈበት ቃል፣ ሥዕሉና ታሪኩ ነው። በራስህ ቃል ጻፈው፣ የሰውን ዓለም አትውሰድ፤ አብዛኛው ጣጣ እዚያ ያልቃል። ግን ሁሉንም ከባዶ ለመጻፍ አቅም ያለው ጥቂት ነው። ለዚህ ነው ላይሰንስ፣ ማለትም በሰው ሥራ የመጠቀሚያ ፈቃድ፣ የተፈለገው።

የ«ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ባለቤት የሆነው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት በ2000 ኦፕን ጌም ላይሰንስ የሚባለውን አወጣ። የሕጉን አጥንት ሰጠና «በዚህ ላይ ሥሩ፣ ሽጡም» አለ። ብዙ አነስተኛ አሳታሚ ቤቱን የሠራው እዚያ መሬት ላይ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በጃንዋሪ 2023፣ የአዲስ ላይሰንስ ረቂቅ ሾልኮ ወጣ። የድሮው ከእንግዲህ አይጸናም ይላል። በዓመት ከ750,000 ዶላር በላይ ገቢ ያለው ድርሻ ይክፈል ይላል። ከዚያማ ምን ቀረ! ተጫዋቾች የኦንላይን ደንበኝነታቸውን በጅምላ ሰረዙ። ኩባንያው ወሩ ሳያልቅ ወደኋላ ተመለሰ። ጃንዋሪ 27 ቀን የሕጉን ዋና ሰነድ ከ400 ገጽ በላይ እንዳለ ክሪኤቲቭ ኮመንስ ከሚባሉት ክፍት ፈቃዶች በአንዱ ለቀቀው። ይኸኛው ፈቃድ አንዴ ከተሰጠ አይነሳም። «ምንጩን ጥቀስ» ከማለት በቀር የሚጠይቀው የለም።

የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለው ያን ጊዜ ገባኝ። ለሃያ ዓመት የራሱ የመሰለው ነገር ሰጪው ሐሳቡን ሲቀይር የሰው ሆኖ የተገኘበት አሳታሚ ብዙ ነው። ጎነርማንም የ«ቤዚክ ፋንታሲ»ን አራተኛ እትም ከድሮው ላይሰንስ አውጥቶ ወደ ክሪኤቲቭ ኮመንስ አሻገረው። ይህ ማለት ጽሑፉን መልሶ መላልሶ ማጽዳት ማለት ነው፤ ያውም አንድ ሳንቲም ላላተረፈበት ሥራ። ሰው በነጻ ለሚሰጠው ነገር እንዲህ ሲለፋ ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ ያቅተኛል።

ስለዚህ አሁን ነጻ ጨዋታ ሳገኝ መጀመሪያ የማየው የመጨረሻውን ገጽ ነው። ታች በትንሽ ፊደል የተጻፈውን። «በነጻ ውሰድ» ብቻ ነው የሚለው ወይስ «ውሰድ፣ ቀይር፣ አካፍል» ይላል? «ኢክሊፕስ ፌዝ» በ2009 ሲወጣ ከወፍራምና ከሚያምሩት መጻሕፍት አንዱ ነበር፤ አዘጋጆቹ ግን በክሪኤቲቭ ኮመንስ ለቀቁትና ለንግድ እስካልሆነ ድረስ ሰው ለሰው እንዲያካፍለው ፈቀዱ። «ፌት ኮር» የምትከፍለውን ራስህ ወስን ይልሃል፣ ዜሮም ቢሆን። ልዩ ዳይስ የለህም? በተራው ዳይስ 1 ወይም 2 ሲወጣ አንድ ቀንስ፣ 5 ወይም 6 ሲወጣ አንድ ደምር፣ መሐሉን ባዶ ቁጠር ይልሃል። ደስ የሚለኝ እንዲህ ያለው ነው። በር ከፍቶ ቁልፉን ደብቆ አይቆምም።

ክፍያን በተመለከተ አቋሜ ቀላል ነው። በነጻ ወስጄ አጫውቼበት ሰው ከሳቀ ወይ ካለቀሰ ተመልሼ እከፍላለሁ። ያላጫወትኩትን አልከፍልም። ይህ ደግሞ አንድ ጠባዬን አስተካክሎልኛል። ኮምፒውተሬ ላይ በነጻ ያወረድኳቸው ጨዋታዎች የሞሉበት ፎልደር አለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ አዲሱን ሳወርድ የጀመርነው ይቋረጥ ነበር። ነጻ ነገር የሚበላው ጊዜ ነው፤ ጊዜ ደግሞ ፎልደር ውስጥ አይታይም። አሁን አንድ ጨዋታ ተጫውተን ሳንጨርስ ሌላ አላወርድም። እሺ፣ አንዳንዴ አወርዳለሁ።

ሁለተኛው ገጽ

ልጅቷ ጨዋታዋን ልታወጣው ነው። ቃላቱን በሙሉ በራሷ ጽፋዋለች፣ መነሻዋ ማን እንደሆነም ጠቅሳለች። ላይሰንሱ ላይ ተከራከርን። እኔ «ለንግድ አይሆንም በይ፤ አንዱ ወስዶ እንዳይሸጥብሽ» አልኳት። «ይሽጣ» አለች። «የቀየረውን መልሶ ለሁሉም ይስጥ እንጂ እኔ ምን ጎደለብኝ?» ተሸነፍኩ። በዚያው ወጣ፦ ምንጩን ጥቀስ፣ የቀየርከውን በዚሁ ፈቃድ መልሰህ ስጥ።

ያልተፈታው ሌላ ነው። ጨዋታው አንድ ገጽ ነበር። አሁን ሁለት ሆኗል። ሁለተኛው ገጽ «ለአጫዋቹ» ይላል። ትዕይንት እንዴት እንደሚቆረጥ፣ ዝም ያለውን ሰው ሳያሳፍሩ እንዴት ማስገባት እንደሚቻል፣ መልስ ሲጠፋ ምን እንደሚባል ጽፋበታለች። ለዚያኛው ምክሯ «ዓይኑን እየው፣ ከዚያ የመጣልህን በል» የሚል ነው። የት እንደተማረችው አውቃለሁ። ቢሆንም «ይሄ ገጽ ይውጣ፤ የጨዋታው ውበት አጭርነቱ ነው» አልኳት። «አንተ ስለምታውቅ ነው አንዱ የበቃህ» አለችኝ። ከላይ ስለ አጭር ጨዋታ የጻፍኩትን ሁሉ በአንድ ዐረፍተ ነገር መለሰችልኝ።

ገጹ ይቆያል። አሁን የምንጨቃጨቀው ሁለተኛው ገጽ ላይ ባለው ሠንጠረዥ ነው። አሳንሰሩ ሲከፈት ምን እንዳለ የሚነግር የስድስት ክፍሎች ሠንጠረዥ ነው። ከ1 እስከ 5 ያሉት አሪፍ ናቸው። 6ኛው «ምንም የለም» ይላል። ዳይስ ጥሎ «ምንም የለም» የሚደርሰው ሰው ያዝናል፣ አውጪው እላታለሁ። እሷ ደግሞ ሰው ከሁሉም አብልጦ የሚፈራው ባዶውን ክፍል ነው ትላለች። የሚመጣው ቅዳሜ ሁለታችንንም የማያውቅ ቡድን ይሞክረዋል። እስከዚያ 6ኛው ባለበት ይቆያል።